የአያታችን ራሌይ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ወይስ ይነዳ?

ጥያቄ፦

«የምኖረው በሐዋሳ፣ መነኸሪያ ክፍለ ከተማ ሲሆን የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አያቴ በይርጋለም ድሬሰር ሆነው ይሠሩ በነበረበት ጊዜ፣ በ1958 ዓ.ም. የገዙት የእንግሊዝ ሥሪት ራሌይ ብስክሌት እስከ ዛሬ በቤታችን አለ። መርፌ ለመውጋት ከሰፈር ሰፈር የዞሩበት፣ በኋላም ወደ ሐዋሳ ሲዛወሩ ይዘውት የመጡት ነው። ከእርሳቸው ወደ አባቴ አለፈ። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቢሮ የተመላለሱት በእርሱ ነው፤ አሁን በ74 ዓመታቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ዳር ይወጡበታል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ አቁመው ይወለውሉታል። የ12 ዓመቷ ልጄ ጨርቅና ዘይት እያቀበለች አጠገባቸው ትቀመጣለች። እኔና ወንድሜ ብስክሌት የተማርነው በእርሱ ነው፤ ኮርቻው ላይ መድረስ ስለማንችል እግራችንን በላይኛው ብረት ሥር አሾልከን ነበር የምንነዳው። የ15 ዓመቱ ወንድ ልጄ ደግሞ ከአምና ጀምሮ ትምህርት ቤት ይሄድበታል።

ታላቅ ወንድሜ ሐይቁ አጠገብ ካፌ ሊከፍት እየተዘጋጀ ስለሆነ፣ ብስክሌቱን በአንጸባራቂ ጥቁር ቀለም አስቀብቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይፈልጋል። በቅርቡ ልጄ ከኮርቻው ተነሥቶ ሲረግጥ ፔዳሉ በድንገት ባዶ ዞረበትና ወደቀ፤ ፓራፋንጎውም ተጣመመ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ‹ይኸው፣ ልጆቹ ሊጨርሱት ነው› ማለት ጀምሯል። ጎማውም አርጅቷል፤ ‹28 ነው› ተብሎ የገዛነው አዲስ ጎማ አልገባ አለን። በኋላው እግር መሐለኛ ብረት ላይ ‹64 5› የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ ወንድሜ ይህን አይቶ ‹የ64 ሞዴል ከሆነ በ1958 ተገዛ የሚባለው ተረት ነው› ይላል። ማን ትክክል ነው? ብስክሌቱስ ምን ይሁን?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ወንድምዎ የሚፈልጉት፣ እርስዎ የሚሰጉበት፣ በልጅዎ ላይ የደረሰው ሁሉ በደብዳቤዎ በዝርዝር ተጽፏል፤ አባትዎ ስለዚህ ጉዳይ ምን እንዳሉ ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም። ብስክሌቱን ከአባታቸው የተረከቡት፣ ዛሬም የሚወለውሉትና የሚነዱት እርሳቸው ሆነው ሳለ፣ ክርክሩ የሚካሄደው በእኅትና በወንድም መካከል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውርስ የሚከፈተው ባለንብረቱ ሲሞት እንደሆነ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ዛሬ ወንድምዎም ሆኑ እርስዎ በዚህ ዕቃ ላይ የመወሰን ሥልጣን የላችሁም። ይህን የምጽፈው በሕግ ላስፈራራችሁ አይደለም። አባትዎ ዕቃቸው በፊታቸው ሲደለደል እየሰሙ ዝም ብለው ከሆነ፣ ዝምታቸው እንደ ፈቃድ እንዳይቆጠርባቸው ብዬ ነው። ከዚህ በታች የምለውንም ሁሉ መጀመሪያ ለእርሳቸው ያንብቡላቸው፤ ምናልባት ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ነገር ሊኖር ይችላል።

የቁጥሩ ጉዳይ ቀላል ስለሆነ በእርሱ ልጀምር። በኋላው እግር መሐል ያለው፣ መካኒኮች ሞዞ የሚሉት ብረት ስተርሚ አርቸር የሚባለው ባለ ሦስት ካምቢዮ መሆኑን ከገለጻዎ እገምታለሁ፤ በላዩ ላይ የተጻፈውን ስም አንብበው ያረጋግጡ። ይህ ፋብሪካ ሞዞው የተሠራበትን ዓመትና ወር በብረቱ ላይ ይቀርጽ ነበር። «64 5» ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1964 አምስተኛ ወር ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ወንድምዎ ቁጥሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስላነበቡት ነው አያታችሁ ብስክሌቱን ከመሠራቱ በፊት የገዙት የመሰላቸው። በ1956 የተሠራ ብስክሌት ባሕር ተሻግሮ በ1958 ይርጋለም ላይ ቢሸጥ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም። እርግጥ ነው፣ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሞዞው ብቻ ነው፤ ሞዞ ደግሞ ሊቀየር ይችላል። ሆኖም ስተርሚ አርቸርም ሆነ ራሌይ የአንዲቱ የኖቲንግሃም ከተማ ሥራዎች ስለሆኑና ራሌይ በብስክሌቶቹ ላይ ይህንኑ ካምቢዮ ይገጥም ስለነበር፣ የቤተሰባችሁን ታሪክ የምጠራጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የልጅዎ መውደቅ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የካምቢዮው ኬብል ይመስለኛል። ይህ ሞዞ በውስጡ ሦስት ፍጥነቶች አሉት፦ ሁለተኛው የሰንሰለቱን ዙር እንዳለ ለጎማው ያስተላልፋል፤ አንደኛው በሩብ ይቀንሰዋል፣ ለዳገት ይመቻል፤ ሦስተኛው በሲሶ ይጨምረዋል። ችግሩ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሞዞው ምንም የማይይዝበት ባዶ ክፍተት አለ፤ ኬብሉ በጊዜ ብዛት ሲላላ ወይም አላግባብ ሲጠብቅ ካምቢዮው በትክክለኛው ቦታ ሳይቆም በዚህ ክፍተት ላይ ወይም በአፋፉ ላይ ይቀራል። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ለረጅም ጊዜ ላይታወቅ ይችላል። አንድ ቀን ግን ነጂው ከኮርቻው ተነሥቶ ሙሉ ክብደቱን ፔዳሉ ላይ ሲጥል የያዘው ጥርስ ይለቅና ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይዞራል፤ ሰውየውም ወደ ፊት ይወድቃል። እርስዎ የጻፉት ቃል በቃል ይህንኑ ነው። የ74 ዓመት ሰው በዝግታ እየነዱ ያላገኛቸው አደጋ ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚቸኩለውን የ15 ዓመት ልጅ ማግኘቱም የሚጠበቅ ነው። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን፣ በዚህ ውድቀት ምክንያት ለተወቀሰው ልጅ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ነገሩን አስረድቼ ወቀሳውን አነሣለታለሁ።

ማስተካከያው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መሪው ላይ ያለውን የካምቢዮ ማርሽ መለወጫ ወደ መካከለኛው፣ ማለትም ወደ ሁለተኛው ያድርጉት። ከዚያ በኋለኛው እግር ቀኝ በኩል፣ ትንሿ ሰንሰለት ከምትወጣበት ዳዶ ጎን ባለችው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ከሰንሰለቷ ጋር የተያያዘችው ቀጭን ዘንግ ጫፍ ከዋናው አክሰል ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለባት። ወደ ውስጥ ከገባች ወይም ወደ ውጭ ከወጣች ኬብሉ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ እኩል እስክትሆን ድረስ ያዙሩት፣ ከዚያም መቆለፊያዋን ያጥብቁ። ሲጨርሱ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈው፣ ፍሬን ይዘው፣ በሦስቱም ፍጥነቶች ፔዳሉን በእጅ በኃይል ይጫኑት። አሁንም የሚያመልጥ ከሆነ የውስጥ ጥርሶቹ ተበልተዋል ማለት ነውና ሞዞውን ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ በዚያ ሁኔታ ማንም እንዳይነዳው። ልጁም ፍጥነት ሲለውጥ ለአፍታ መርገጡን እንዲያቆም ያስተምሩት። ባለ ብዙ ጥርሱን አዲስ ብስክሌት የለመደ ሰው እየረገጠ ስለሚቀይር ይህን ይረሳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። ብስክሌቱ መነዳቱን ቢቀጥል ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ምክንያቴ ናፍቆት ወይም ታሪክ አይደለም። እንዲህ ያለ ብስክሌት ከስድሳ ዓመት በኋላ እስከ ዛሬ የደረሰው አባትዎ በየሳምንቱ ስለሚዳስሱት ነው። የላላ ዳዶ በጣታቸው ይታወቃቸዋል፤ የጀመረ ዝገት ገና ነጥብ ሳለ ያዩታል፤ ሞዞው ዘይት ሲያጥረው ድምፁን ይሰሙታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕለት ይህ ሁሉ ይቆማል። በሞዞው ውስጥ ያለው ዘይት በጊዜ ብዛት ይወፍርና እንደ ሙጫ ይሆናል፣ የጎማው ላስቲክ ይሰነጣጠቃል፣ የኮርቻው ቆዳ ይደርቃል፤ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበትና የካፌው እንፋሎት ደግሞ ክሮሙን ከጀርባ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ ይበሉታል። ወንድምዎ «ከዝናብና ከባጃጅ ይጠበቃል» ቢሉ ልክ ናቸው። ግን በካፌው ውስጥ መሰላል አቁሞ በየሳምንቱ የሚወለውለው ማን ነው? አስተናጋጁ ነው? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለ መስቀል ማውራት አይገባም።

እዚህ ላይ ግን ከእርስዎም ጋር እንለያያለን። ልጅዎ በዚህ ብስክሌት በየቀኑ ትምህርት ቤት መመላለሱን አልደግፈውም። የዚህ ብስክሌት ፍሬን በብረት ዘንግ የሚሠራ ከሆነ (የዚያ ዘመን ትልልቆቹ ራሌዮች አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው)፣ ላስቲኩ የሚጫነው በብረት ቸርኬው የውስጥ ፊት ላይ ነው። ብረት ቸርኬ ሲረጥብ ደግሞ ፍሬኑ ኃይሉ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በደረቅ መንገድ የሚያቆመው ርቀት በዝናብ አይበቃውም። ሐዋሳ ሜዳ በመሆኗ ለብስክሌት እንደ እርሷ የምትመች ከተማ በአገራችን ብዙም የለችም፤ ነገር ግን ተሳፋሪ ለማንሣት በድንገት የሚቆመው ባጃጅ ለፍሬን ጊዜ አይሰጥም። ከዚህም ሌላ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆም፣ ሌሎች ብስክሌቶች የሚደገፉበት ዕቃ በአንድ ዓመት የሚደርስበት ጉዳት አባትዎ በአሥር ዓመት ካደረሱበት ሊበልጥ ይችላል። ለዕለት ተዕለት ጉዞው ለልጁ አንድ ያገለገለ ተራ ብስክሌት ይፈለግለት። ራሌዩን በደረቅ ቀን፣ በቅዳሜና እሑድ፣ ከአያቱ ጋር ወይም በአያቱ ፈቃድ ይንዳ።

ቀለም ስለ መቀባት ደግሞ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ፦ አታስቀቡት። ለአዲስ ቀለም ሲባል አሮጌው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ከእርሱ ጋር የፋብሪካው ምልክት፣ በጥንቃቄ የተሰመሩት ቀጫጭን መስመሮችና አያታችሁ መሣሪያ የያዘ ሣጥናቸውን ያሰሩበት ፖርቶመጋላ የሠራው ጭረት ሁሉ ይሄዳሉ፤ አንዱም ተመልሶ አይገዛም። አባትዎ ያለ ቀለም ቅብ እዚህ ካደረሱት፣ ቀለሙ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ለጊዜው በለብ ያለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ማጠብ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ የመኪና ሰም ካገኛችሁ በስሱ መቀባት ይበቃዋል። ክሮሙ ላይ ለታየው ቀላል ዝገት፣ ቁራጭ የአልሙኒየም ፎይል ውኃ ነክራችሁ በቀስታ ብትፈትጉት ይለቃል፤ ሻካራ ብረት ግን አታስነኩት። ቀለም መቀባት ተገቢ የሚሆነው ዝገቱ ብረቱን መብላት ከጀመረ ብቻ ነው። ስለዚህ ውኃ በሚጠራቀምበት ቦታ፣ በተለይም ፔዳሎቹ በሚገናኙበት ግርጌ አካባቢ በሹል ነገር ቀስ ብላችሁ ነካክታችሁ ሞክሩ። ብረቱ ከሳሳ፣ ወይም ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና አካል) አንድ ቀን ከተሰነጠቀ፣ ለተራ በያጅ አትስጡት። የዚህ ብስክሌት ቱቦዎች በማያያዣ ብረቶች ውስጥ ገብተው በናስ የተያያዙ ናቸው፤ በኤሌክትሪክ ብየዳ ሲነካካ ቀጭኑ ቱቦ ይቃጠላል። የተጣመመው ፓራፋንጎ ከውስጥ በእንጨት ተደግፎ በእጅ ይቃና፤ ሙሉ በሙሉ ባይስተካከል አይጨነቁ።

ጎማው አልገባ ማለቱ ሻጩ ስላታለላችሁ ላይሆን ይችላል። «28» የሚል ስም የያዙ ጎማዎች ከአንድ በላይ ናቸው። በአሁኑ ዘመን ብስክሌቶች ላይ «28» የሚባለው የቸርኬ መቀመጫው ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የድሮው ባለ ዘንግ ፍሬን ብስክሌት ግን 635 ሚሊ ሜትር ነው። በ13 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ጎማ በምንም ጉልበት አይገባም፤ በመፍቻ እየታገሉ ማስገባትም ቸርኬውን ይጎዳል። ስትገዙ የጎማውን ጎን አንብቡና «40-635» ወይም «28 በ1½» የሚለውን ፈልጉ። መልካሙ ነገር ይህ ልክ አለመጥፋቱ ነው፤ የቻይናውና የሕንዱ የድሮ ዓይነት ትልቅ ብስክሌት የሚጠቀመው ይህንኑ ስለሆነ፣ ለፊኒክስ የሚሸጠው ትልቁ ጎማ ለእናንተም ይሆናል። ብሎንና ዳዶ ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለም። ራሌይ በብዙ ክፍሎቹ ላይ ከሌሎች የተለየ፣ በኢንች 26 የሆነ የራሱን የብሎን ጥርስ ይጠቀም ነበርና «ይገባል» ተብሎ በመፍቻ የሚገደድ ዳዶ የማይተካውን ጥርስ ይጨርሰዋል። አሮጌው ዳዶ ዝገት ቢኖረውም ጠርጋችሁ መልሱት።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርስ። ሞዞው በላዩ ባለችው ትንሽ ክዳን በኩል በየወሩ ጥቂት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይፈልጋል፤ ግራሶ፣ የምግብ ዘይት ወይም ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አይግባበት። ሰንሰለቱን ዘይት ከቀባችሁ በኋላ ውጩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ የሐዋሳ አፈር የእሳተ ገሞራ አሸዋ ስላለበት በዘይት ላይ ሲጣበቅ ብረት ይሞርዳል። ቆዳ ኮርቻው ዝናብ እንዳይነካው ፌስታል አልብሱት። ፔዳሉ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ «ቋ» የሚል ከሆነ የፔዳሉን ክንድ የያዘው ሽብልቅ ላልቷልና ሳይውል ሳያድር ይጠበቅ።

ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ አባትዎ በእጃቸው ያውቁታል፤ ችግሩ በእርሳቸው እጅ ብቻ መሆኑ ነው። ብስክሌቱ ለማን ይሁን ከሚለው በፊት እውቀቱ ለማን ይሁን የሚለው መመለስ ያለበትም ለዚህ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ሴት ልጅዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፈዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመን ፍንጭ እርሱ ነው። የቤተሰቡ ክርክር በወንድምዎና በወንድ ልጅዎ ዙሪያ ሲዞር፣ በየእሑዱ ጨርቅ እያቀበለች ሥራውን የምታየው እርሷ ናት። ፍላጎቱ ካላት አንድ ደብተር ይግዙላትና አያቷ የሚሏትን ትጻፍ፦ የትኛውን ዘይት ከየት እንደሚገዙ፣ የግራው ፔዳል ጥርስ ከሌሎቹ በተቃራኒ እንደሚፈታ፣ የትኛው ብሎን ከመጠን በላይ መጥበቅ እንደማይወድ፣ ከዚህ በፊት ምን ተቀይሮ ምን እንደቀረ። የሚነዳውና የሚጠብቀው አንድ ሰው መሆን የለበትም፤ የሚጠብቀው ግን አንድ የታወቀ ሰው ሊሆን ይገባል፤ ያለዚያ ሁሉም በሌላው እያመካኘ ዘይት ሳይጠጣ ይከርማል።

አባትዎን ሲያነጋግሩ «ከእርስዎ በኋላ ለማን ይሁን?» ብለው አይጀምሩ፤ ዕድሜያቸውን እየቆጠራችሁባቸው ሊመስላቸው ይችላል። እሑድ ቡና ተፈልቶ ወንድምዎም ባሉበት፣ «ጉልበትዎ ሲደክም በዚህ ሥራ ማን እንዲያግዝዎት ይፈልጋሉ?» ብለው ይጠይቋቸውና መልሳቸውን እስከ መጨረሻው ይስሙ። ምናልባት ለወንድምዎ ካፌ ይሰጥ ይሉ ይሆናል። እንዲያ ካሉ ይቀበሉት፤ ቀለም እንዳይነካውና ወርዶ የሚነዳበት ቀን እንዲኖረው ብቻ ይጠይቁ። ካልፈቀዱ ደግሞ ወንድምዎ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ አንድ ሐሳብ አለኝ። መነዳት ያቆመ አሮጌ ፊኒክስ ገዝተው የፈለጉትን ቀለም ይቀቡና ይስቀሉ፤ ከሥሩም አያታችሁ በራሌያቸው ላይ ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ ካለ አስጎልተው ያኑሩት። ካፌው የሚመረቅ ዕለትም አባትዎ በራሳቸው ብስክሌት ነድተው ይምጡና በሩ ላይ ያቁሙት።

የካምቢዮውን ኬብል ግን እስከ እሑድ አያቆዩት፤ ሳይስተካከል ልጅዎም ሆነ አባትዎ እንዳይወጡበት።